የአናጢ ማኅበር ለምን? በደብረ ማርቆስ ለእንጨት ሠሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ብዙዎቻችሁ ከቅዳሴ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ብዙ አላንዛዛም።

ማኅበር ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ጽዋው አለን፣ ሰንበቴው አለን፣ እድሩ አለን፣ እቁቡ አለን። ወንፈልና ደቦማ አብረውን ያደጉ ናቸው። የሌለን በሙያችን የተሰባሰብንበት ማኅበር ነው።

የእድር ጡሩምባ ሳይነፋ ገና በሌሊት የሚቀሰቀሰው ማን ነው? አናጢው ነው። የእድሩ ሰው በር ያንኳኳል። «እገሌ አርፏል፤ ቁመቱ አንተን ያክላል» ይላል። መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ በስልክ ባትሪ ጣውላው ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ይመታል። ጨርቁ ይለብሳል። ሲነጋ ሣጥኑ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ይደርሳል። ዋጋ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ቢነሳስ፣ ሐዘን ላይ ማን ይከራከራል? ይኸው አናጢ በሳምንቱ ጣቱን መጋዝ ቢቆርጠው ግን ቤቱን የሚያንኳኳ የለም። እድሩ የሚመጣው ሲሞት ነው። ዛሬ የተጠራራነው በቁም እያለን የሚደርስልን ማኅበር እንዲኖረን ነው።

የሙያችን ታሪክ ረጅም ነው፤ የሠሪዎቹ ስም ግን አልተጻፈም። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄዳችሁ ሥዕሎቹን አይታችኋል። አስጎብኚውም ስለ ሥዕሉ ሲናገር አይጠግብም። መላእክቱ የተሳሉባቸውን እነዚያን ትልልቅ የእንጨት በሮች ማን ጠረባቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም። ደግሞም የእጅ ሙያ ሲናቅ የኖረበት አገር ነው። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ ስለኖረ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አናጢው ቤተ ክርስቲያን ስለሚሠራ ትንሽ ይሻለው ነበር። እሱም ቢሆን ያተረፈው ምርቃት ነው።

አንድ ግጥምጥሞሽ ልንገራችሁ። ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምን ዘውድ የጫኑት በ1873 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ፣ አሜሪካን አገር ቺካጎ ላይ 36 አናጢዎች ከ11 ከተሞች ተወክለው መጡ። ፒተር ማክጓየር የሚባል የአይሪሽ ስደተኞች ልጅ ነበር ዋናው ቀስቃሽ። አገር አቀፍ የአናጢዎች ማኅበር አቋቋሙ። ሲጀምሩ አባሎቻቸው 2,000 ገደማ ቢሆኑ ነው። በ1882 ዓ.ም. ሥራ በቀን ስምንት ሰዓት ይሁን የሚለው ትግል በዚያ አገር ሲፋፋም፣ ቅደሙ ተብለው ከፊት የተሰለፉት አናጢዎቹ ናቸው። ሚያዝያ 23 ሥራ ዘግተን የምንውልበት የሠራተኞች ቀን መነሻው ይኸው የስምንት ሰዓት ትግል ነው። እኛ እንኳ ያን ቀንም ሱቅ ከፍተን ነው የምንውለው፤ እሱን ተዉት።

እኔን ይበልጥ የሚያስቀናኝ ግን የእንግሊዞቹ ነው። ለንደን ላይ በ1852 ዓ.ም. የተመሠረተ የአናጢዎች ማኅበር ነበር። አባሎቹ በየሳምንቱ ያዋጣሉ። ለታመመ፣ ለተጎዳ፣ ሥራ ላጣ ይከፈላል። ከዚያ ሁሉ መሃል ግን አንድ ነገር አለ። የአባሉ መሣሪያ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ማኅበሩ ይተካለታል። ይህንን ያሰበ ሰው አናጢ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

የእኛን ሱቅ ታውቁታላችሁ። የኪራይ ቆርቆሮ ቤት ነው። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተከምሯል። በላዩ እየተቀጠለ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል። አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሌባ ቢመጣም ቆርቆሮ ፈልቅቆ ለመግባት ደቂቃ አይፈጅበትም። መላጊያው፣ መሮው፣ መሰርሰሪያው፣ በእቁብ የተገዛው ማሽን በአንድ ሌሊት ይሄዳል። በማግስቱ ያ ሰው ሙያው ከእጁ አልጠፋም፤ ግን በምን ይሥራ? ከጎረቤት መላጊያ ይዋሳል። የውሰት መላጊያ ደግሞ ምላጩ ሁሌም ዶልዷማ ነው። ወር ሳይሞላው የቀን ሥራ ፍለጋ አደባባይ ይቆማል። እንዲህ ሆነው ሙያውን የተዉ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ማኅበራችን መጀመሪያ ማቋቋም ያለበት የመሣሪያ መተኪያ ካዝና ነው ባይ ነኝ። አዳራሽም ማኅተምም በኋላ ይደርሳል።

ለምን እስከዛሬ አልሆነም? አገራችን ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር በሕግ የታወቀው በ1955 ዓ.ም. ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም በዚያን ጊዜ ተመሠረተ፤ ደርግ በ1968 አፈረሰው። ያም ሆነ ይህ ማኅበር የተመቸው ፋብሪካ ላለበት ሰው ነበር። መቶና ሁለት መቶ ሰው በአንድ በር ይገባል፣ በአንድ በር ይወጣል፤ ማደራጀቱ አይከብድም። እኛ ግን አንዱ ቡሬ፣ አንዱ ሞጣ፣ አንዱ ደጀን፣ ሦስት ሦስት ሰው ሆነን በየጥጋችን ነን።

ሕጉ ግን ለእኛም መግቢያ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይችላል ይላል። ከአሥር በታች በሆኑባቸው ድርጅቶች የሚሠሩትም ተሰባስበው አሥር ከሞሉ ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። አምስት ሱቅ ሁለት ሁለት ሰው ካዋጣ ሞላ ማለት ነው። ይህ ለተቀጣሪው ነው። የራሱን ሱቅ የሚያሠራው በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ፣ በ985/2009፣ ይደራጃል። ሁለቱን አታደበላልቁ። አሠሪና ተቀጣሪ አንድ መዝገብ ላይ ከገቡ ደመወዝ የተነሳ ቀን ይጣላሉ። በመሣሪያው ካዝና ላይ ግን የሁለቱም ጥቅም አንድ ነው፤ እዚያ ላይ በስምምነት መሥራት ይቻላል።

«በ1990ዎቹም በኋላም ተደራጅተን አይተነዋል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ያኔ ግን ብዙው የተደራጀው ሼድና ብድር ፍለጋ ነበር። ሼዱ ተገኘ፣ ብድሩ ተካፈለ፣ ማኅበሩም በዚያው ተበተነ። ጎጃሜ አብሮ መቆም አያውቅም እንዳይባል፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩን አንቀበልም ብሎ መንግሥትን ያስመለሰው ማን ሆነና!

ስለ ጥንቃቄም አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንም። የመጋዙን መከለያ ነቅለን የምንጥለው እኛው ነን። «እንጨቱን አያሳየኝም» እንላለን። መነጽር ያደረገውን ለማጅ «ፓይለት» እያልን እናሾፍበታለን። ከዚያ ጣት ሲሄድ ዕድል ነው እንላለን። የምን ዕድል! ማኅበሩ መከለያ የሌለው ማሽን ላይ ለሚሠራ የጉዳት ገንዘብ አልከፍልም ቢል እኔ እጄን አውጥቼ እደግፋለሁ። ቀለም የሚቀቡትና በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልሱት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። አቧራውንና የቫርኒሹን ሽታ ቀኑን ሙሉ የሚስቡት እነሱ ናቸው፤ ስለ ጭንብል ስንነጋገር መጀመሪያ እነሱ ይጠየቁ።

ለሕዝቡስ ምን እናደርጋለን? ሣጥኑን እንደ ድሮው እንሠራለን፤ ግን በተራ ይሁን፤ አንድ ሰው ብቻ ሁሌ ከእንቅልፉ አይነሳ። ክረምት ላይ የትምህርት ቤቶቹን የተሰባበረ ዴስክ በደቦ እንጠግናለን። መስከረም ሲጠባ ልጆቻችን ድንጋይ ላይ እንዳይቀመጡ ሚስማርና ኮላ ይዞ አንድ ቀን መዋል ማንንም አይጎዳም። ለማጅ ልጅ ደግሞ ሦስት ዓመት ሰጋቱራ ሲጠርግ አይኑር። መቼ መሮ እንደሚጨብጥ፣ መቼ ብቻውን በር እንደሚሠራ በደንቡ ይጻፍለት። ዋጋ ተማክሮ ሕዝቡ ላይ ለመቆለል ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም።

እንግዲህ መዝገቡ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ደንቡን ሳታነቡ አትፈርሙ። ማንበብ የሚቸግረው ካለ ጸሐፊው ጮክ ብሎ ያነብለታል። የወር መዋጮው ገና አልተወሰነም፤ በሻይ ሰዓት እንከራከርበታለን። ጠረጴዛው አንድ እግሩ ይነቃነቃል። ይህን ሁሉ አናጢ ጠርተን እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ማቅረባችን ያሳፍራል፤ ሽብልቅ በኪሱ የያዘ ሰው ካለ ሳይፈርም በፊት ያስተካክልልን።