ጥቅሱ የአባቴ ነው

የተከበራችሁ መምህራን፣ ሬዚደንቶችና ተማሪዎች፣ ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ቅድም መድረክ መሪው ስለ እኔ ሲናገር "ይህን ያህል ፐብሊኬሽን፣ ይህን ያህል ሳይቴሽን" አለ። ያሳተምኳቸውን ጽሑፎችና ሌሎች ተመራማሪዎች እነሱን የጠቀሱበትን ብዛት ማለቱ ነው። እናንተም አጨበጨባችሁ። እኔ ትንሽ አፈርኩ። እስቲ ያንን ቁጥር ልፍታው። አሞራ ገደል ዓሣ እየጠበቀን ስለሆነ አላስረዝምም።

ከስሜ ልጀምር። በሕክምና ጆርናሎች የማጣቀሻ ዝርዝር ላይ የቤተሰብ ስም በሙሉ ይጻፋል፤ የራስ ስም በአንድ ፊደል ያጥራል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ የአባቴ ስም በሙሉ ይወጣል፣ እኔ ከኋላቸው አንዲት ፊደል ሆኜ እከተላለሁ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የይርጋለም ቡና ነጋዴ ነበሩ። ዛሬ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ስማቸው ባሕር ማዶ ይጠቀሳል።

ነገሩ ያስቃል፣ ግን ያስከፍላል። "ኤ. ከበደ" ብላችሁ ፈልጉ፤ አበበም አልማዝም አስቴርም ተደራርበው ይመጣሉ። በዚያ ላይ ስማችንን በላቲን ፊደል ስንጽፍ እንደመጣልን ነው። እኔ አንዱ ጽሑፍ ላይ "ኤስ"ን አንዴ፣ ሌላው ላይ ሁለቴ ጽፌያታለሁ። ኮምፒውተሩም ለሁለት ሰው ከፈለኝ።

የማዕረግ እድገት ኮሚቴ ፊት ስትቀርቡ የምትጠየቁት ኤች-ኢንዴክስ የሚባል የጥቅስ መለኪያ አለ። ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው። አምስት ጽሑፍ አላችሁ እንበል፤ 10፣ 8፣ 5፣ 4 እና 3 ጊዜ ተጠቅሰዋል። አራቱ ቢያንስ አራት አራት ጊዜ ስለተጠቀሱ ኤች-ኢንዴክሳችሁ 4 ነው። የመጀመሪያው 1000 ጊዜ ቢጠቀስም ያው 4 ነው።

ደግሞ መቁጠሪያው ምስጋናን ከወቀሳ አይለይም። ኤምኤምአር የተባለውን ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የሐኪሙ የዌክፊልድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ወጣ። የተጠኑት ልጆች 12 ነበሩ። በ2010 ጆርናሉ ሰረዘው። እስከ ዛሬ ግን ይጠቀሳል። ሰዎች ሊነቅፉት ሲጠቅሱትም ይቆጠርለታል።

የእኔ ብዙ የተጠቀሰው ጽሑፍ የትኛው መሰላችሁ? በመቶዎች ሆነን የፈረምንበት የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት ነው። የእኔ ድርሻ ሁለት ሠንጠረዥ አይቶ አስተያየት መስጠት ነበር።

ሌላ ትንሽ ጽሑፍ አለችኝ። በምሠራበት ክፍል የጨቅላ ሕፃናት ሙቀት በመዝገቡ ላይ ምን ያህል እንደሚጻፍ ቆጠርኩ። ብዙው ቦታ ባዶ ነበር። ነርሶቹን ስጠይቅ አንዷ ሳቀችብኝ፤ "ዶክተር፣ ቴርሞሜትሩ እኮ አንድ ነው፣ እሱም ይጠፋል።" ውጤቱን በጠዋቱ ስብሰባ አነበብኩ። በሳምንቱ በየአልጋው እግር ላይ ቴርሞሜትር በፋሻ ታስሮ አየሁ። ያቺ ጽሑፍ የተጠቀሰችው ሦስት ጊዜ ነው። አንዱን የጠቀስኩት እኔው ነኝ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። በዚሁ ግኝት ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። 25 ዓመት! የትኛው የማዕረግ እድገት ኮሚቴ ነው ያን ያህል የሚጠብቅ?

እናንተ ላይ ያለውን ጫና አውቀዋለሁ። "በሁለት ሳምንት እናትማለን፣ ብቻ ክፈሉ" የሚል ኢሜይል እኔንም አንዴ በልቶኛል። ለማዕረግ ቸኩዬ ከፈልኩ። ዛሬ ድረ ገጹም የለም፣ ጽሑፌም አብሮ ጠፋ።

ለማንኛውም፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። የስማችሁን አጻጻፍ ወስኑና እሱኑ ያዙ። ከዚያ ኦርኪድ (ORCID) አውጡ። 16 አሃዝ ያለው መለያ ነው፣ ለተመራማሪ በነፃ ይሰጣል። ስማችሁ ከሌላ ሰው ጋር ቢምታታም ቁጥሩ የእናንተ ብቻ ነው።

እኔ ሁለቱን ስሞቼን ያዋሃድኩት ገና ባለፈው ወር ነው። በማጣቀሻው ዝርዝር ላይ ግን አሁንም ቀድመው የሚጠሩት የይርጋለሙ ነጋዴ ናቸው። እሳቸው ይቅደሙ።

አመሰግናለሁ። ወደ ዓሣው እንሂድ።