ሰልስት ሲወጣ ሥራ ይጠራል፦ ለአድማጮች ጥያቄ የተሰጡ መልሶች

ባለፈው ፕሮግራም ከባድ ነገር ገጥሞን ሥራ ላይ እንዴት እንቆያለን የሚለውን አንስተን ብዙ ሰው ደወለ። ሰዓቱ አልበቃንም። ለሦስቱ እዚህ ልመልስ።

«አባቴ ከሞተ አንድ ወር አልሞላውም። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ከሰልስት ማግሥት ሥራ ገባሁ። አሁን ብር ስቆጥር ይጠፋብኛል። ጉድለት መጥቶብኝ ከኪሴ ከፈልኩ። ሰነፍኩ እንዴ?» (ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አልሰነፍሽም። እንቅልፍ ያጣ፣ በቅጡ ያልበላ ሰው ቁጥር ቢስት አይገርምም። ሐዘን ሐሳብን ይበታትናል። ደግሞ ለቅሶው ላይ ሰው አለ፣ እድርተኛው አለ፣ ቀኑ በእንግዳ ያልፋል። ድንኳኑ ሲፈርስና ቤቱ ጭር ሲል ነው የአባት ሞት የሚገባን። ሰው «ሰልስት ወጣ፣ አለፈ» ይላል። እኔ ጋ የሚመጡት ሰዎች ግን አብዛኞቹ የሚከብዳቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገ ጠዋት ለቅርብ ኃላፊሽ ንገሪው። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። «አባቴን ቀብሬ መምጣቴን ያውቃሉ። ሐሳቤ አልተሰበሰበም። ለሁለት ሳምንት ከመስኮት ተነሥቼ ሌላ ሥራ ልሥራ» በይው። ሰነድ ማደራጀት ይሁን፣ ደንበኛ መመዝገብ ይሁን፣ ብቻ ጥሬ ገንዘብ የማይነካ ሥራ ይሁን። አደራ አትቆዪ። ጉድለቱ ሦስቴ ከተደጋገመ በኋላ ብትናገሪ ሰበብ ይመስልብሻል። አሁን ብትናገሪ ግን ጥንቃቄ ነው።

ሕጉንም እወቂው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር ይህ ለቀብርና ለድንኳን እንጂ ለሐዘን አይበቃም። ግን ሌላም አለ። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥምሽ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ መጠየቅ ትችያለሽ፤ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የዓመት ፈቃድሽም አለ፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። እኔ ብሆን ኃላፊዬ ከተስማማ ሁሉንም በአንዴ አልወስደውም። ባዶ ቤት ሁለት ሳምንት መቀመጥ ይጎዳል። አርባው ሲደርስ ሁለት ቀን አስቀሪ፣ የቀረውን ዓርብ ዓርብ ውሰጂው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ሐኪም እዪ። «እኔም ከአባቴ ጋር በሄድኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ አንድ ቀንም አትጠብቂ። ለምታምኚው ሰው ንገሪና የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ አያሳፍርም። ጸሎቱም ጠበሉም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል።

«ትዳሬ ሊፈርስ ነው፤ ፍርድ ቤት እየተመላለስኩ ነው። ቢሮ ወሬ እንዲሆን አልፈልግም። ምን ልበል?» (ከአዳማ)

ወንድሜ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተናገር፤ እሱም የሥራ ኃላፊህ ነው። «የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኛል፤ በእነዚህ ቀናት ጠዋት ጠዋት እቀራለሁ» ካልክ በቂ ነው። የቀጠሮውን ቀን እንዳወቅህ አስፈቅድ። ምክንያት ሳትናገር መጥፋት ነው ወሬውን የሚወልደው። የልብህን ለወንድም ወይም ለጓደኛ አውራ፤ ለሻይ ቤት ባልደረባ አይደለም።

«ሜሪላንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። እናቴ ደሴ ታመው ተኝተዋል። ሌሊቱን ስልክ ላይ ነኝ። ሲብስባቸው ልሂድ? ሥራዬንስ ባጣ?» (ከአሜሪካ)

እናታችንን እግዚአብሔር ይማርልዎ። መጀመሪያ ስለ ስልኩ። አገር ቤት ሲነጋ እዚያ ሌሊት ነው። ከወንድምና እህት አንዱ ብቻ ይደውል፤ በቀን አንዴ፣ ከሥራ ሲወጡ። አጣዳፊ ካልሆነ ሌሊት አይደወል። ይህ እናትን መርሳት አይደለም።

ስለ ጉዞው ደግሞ፦ አሜሪካ ውስጥ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ አለ። በጠና የታመመ ወላጅ ለማስታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። ደመወዝ የለውም፤ ሲመለሱ ግን ሥራዎ ይጠብቅዎታል። ለዚያ አሠሪ 12 ወር የሠሩ፣ ባለፉት 12 ወራትም 1,250 ሰዓት የሞሉ መሆን አለብዎት። ድርጅቱም በ75 ማይል ዙሪያ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ይኑረው።

ይህ ሕግ ለማስታመም እንጂ ለሐዘን አይደለም። ስለዚህ «ሲብስባቸው» አይበሉ። እጅዎን የሚያውቁ እያሉ ይሂዱ። ነገ ሒዩማን ሪሶርስ (የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል) ገብተው የዚህን ፈቃድ ቅጽ ይጠይቁ። ሐኪም የሚሞላው ገጽ አለው፤ አስሞልተው ለአሠሪው ለማስገባት ቢያንስ 15 ቀን ይሰጥዎታል። የገጹን ፎቶ ለእህትዎ ይላኩላት፣ ደሴ ያለው ሐኪም በእንግሊዝኛ ይሙላላት።