ለተሸናፊዎች ጥብቅና የቆመችው ደራሲት፦ ሻረን ኬይ ፔንማን እና የእንግሊዝ ነገሥታት

[ምስል፦ የለንደን ግንብ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ሲታይ]

በ1483 አጋማሽ ላይ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን ግንብ ውስጥ የነበሩ ሁለት ወንድማማች ልዑላን የገቡበት ጠፋ። ታላቁ ገና ዘውድ ያልጫነው የ12 ዓመቱ ንጉሥ ኤድዋርድ አምስተኛ ሲሆን፣ ታናሹ የ9 ዓመቱ የዮርክ መስፍን ነበር። ዙፋኑን የያዘው አጎታቸው ሪቻርድ ሦስተኛ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ሼክስፒር ይህንኑ አጎት ጎባጣ፣ እጁ የሰለለና ለደም የማይሳሳ አድርጎ መድረክ ላይ ስላወጣው፣ ስሙ ከልጆቹ መጥፋት ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ሻረን ኬይ ፔንማን ይህን ታሪክ ያገኘችው ተማሪ ሳለች ነው። በ1945 በኒውዮርክ ከተማ የተወለደችው ፔንማን፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ታሪክን፣ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሕግን አጥንታ የግብር ሕግ ጠበቃ ሆና ትሠራ ነበር። ስለ ሪቻርድ ባነበበች መጠን፣ ክፉ ስሙን ያወጡለት በአብዛኛው እርሱን ገድለው በዙፋኑ በተቀመጡት በቱዶሮች ጥላ ሥር የጻፉ ሰዎች መሆናቸውን ተረዳች፤ መልሷንም በልቦለድ ልትሰጥ ተነሣች።

ለዓመታት የደከመችበት ረቂቅ ግን ከመኪናዋ ውስጥ ተሰረቀ። ሌላ ቅጂ አልነበራትም። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል መጻፍ እንዳልቻለች ራሷ ተናግራለች። ሲወጣላት ከመጀመሪያው ገጽ አንሥታ እንደገና ጻፈችው፤ ከ900 ገጽ በላይ የሆነው «ዘ ሰን ኢን ስፕሌንደር» በ1982 ታተመ።

[ምስል፦ የብራና ጥቅልል፣ ማኅተም የተንጠለጠለበት]

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የጠበቃዋ እጅ ጎልቶ የሚታየው የልጆቹ መብት በሚነሣበት ቦታ ነው። በ1484 የወጣው የፓርላማ ሕግ፣ የልጆቹ አባት ኤድዋርድ አራተኛ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዉድቪልን ከማግባቱ በፊት ለሌላ ሴት የጋብቻ ቃል ሰጥቶ ስለነበር ጋብቻው የማይጸና፣ ልጆቹም ዙፋን ሊወርሱ የማይችሉ ናቸው ይላል። ሪቻርድ በነሐሴ 1485 ቦዝወርዝ ላይ ተሸንፎ ሲሞት፣ አሸናፊው ሄንሪ ሰባተኛ ይህ ሕግ ሳይነበብ እንዲሻርና ቅጂዎቹም ሁሉ እንዲጠፉ አዘዘ። ምክንያቱን ማወቅ አያዳግትም፤ ሊያገባ ያሰባት የልጆቹ እኅት ስለነበረች፣ በዚያ ሕግ መሠረት እርሷም ከሕጋዊ ጋብቻ ያልተወለደች ልትባል ነው። ነገር ግን ሕጉ ሲሻር የወንድሞቿም መብት አብሮ ስለሚመለስ፣ በሕይወት ካሉ የዙፋኑ ባለቤቶች እነርሱ እንጂ ሄንሪ አይሆንም። ከጥፋት ያመለጠ ቅጂ ባይገኝ ኖሮ የሕጉን ሙሉ ቃል ዛሬ አናውቀውም ነበር። ፔንማን የቃል ኪዳኑን ወሬ እውነት አድርጋ ተቀብላ፣ የሪቻርድን መንገሥ እንደ ነጠቃ ሳይሆን አማራጭ እንዳጣ ሰው ውሳኔ አድርጋ ትተርካለች።

ታዲያ ልጆቹን ማን ገደለ? የፔንማን መልስ የባኪንግሃም መስፍን ነው። መስፍኑ በኅዳር 1483 በሪቻርድ ላይ በማመፁ አንገቱ የተቆረጠ ስለሆነ፣ ከሞተ በኋላ መልስ የማይሰጥ ምቹ ተከሳሽ ነው፤ እንደ እኔ ዕይታ የመጽሐፉ ደካማ ጎንም እዚህ ላይ ነው። ፔንማን ደንበኛዋን አብዝታ ስለምትወደው፣ ሪቻርድ አንዳንዴ ከሰው ይልቅ ለጻድቅ ይቀርባል። በ2012 ሌስተር ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘው አፅሙም ለሁለቱም ወገን ሙሉ ድል አልሰጠም፤ የአከርካሪ አጥንቱ ወደ ጎን የተጣመመ ነበር፣ የሼክስፒር የሰለለ እጅ ግን አልነበረውም።

[ምስል፦ የሰሜን ዌልስ ተራሮች]

በ1985 ያሳተመችው «ሂር ቢ ድራገንስ» ከዚህ የበለጠ ሚዛን የያዘ ነው። ባለታሪኳ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ከጋብቻ ውጭ የተወለደች ልጅ ጆአና ስትሆን፣ አባቷ ለሰሜን ዌልሱ ልዑል ለሌወሊን ድሯታል። አባትና ባል ሲዋጉ በመካከል የቆመችው ይህች ሴት፣ በ1230 ዊልያም ደ ብራውስ ከሚባል መኳንንት ጋር በባሏ እልፍኝ ውስጥ ተያዘች። ሌወሊን ሰውየውን ሰቀለው፤ እርሷንም አግዞ ካቆያት በኋላ ይቅር ብሎ ወደ ቦታዋ መለሳት። የሚገርመው የሟቹ ልጅ ኢዛቤላ የጆአናን ልጅ ዳቪድን እንድታገባ ቀድሞ የተደረገው ስምምነት ሳይፈርስ ጋብቻው መፈጸሙ ነው። የዌልስ ዜና መዋዕል ድርጊቱን በአጭሩ መዝግቦ ያልፋል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም፤ ፔንማን ልቦለዷን የዘረጋችው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። በ1237 ጆአና ስትሞት ሌወሊን ለመታሰቢያዋ ገዳም አሠርቷል፤ ደራሲዋ ይቅርታውን ያመንንላት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በየመጽሐፎቿ መጨረሻ ላይ የምትጽፈው ማስታወሻ ሊታለፍ አይገባም። የትኛው ከሰነድ እንደተገኘ፣ የትኛው ከራሷ ምናብ እንደመጣ ለአንባቢ ታስረዳለች፤ ለታሪካዊ ልቦለድ ይህን ያህል የታመነ ሒሳብ የሚያቀርብ ደራሲ ብዙ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ስለ ሄንሪ ሁለተኛ፣ ስለ ንግሥት ኤሊኖርና እርስ በርሳቸው ስለተዋጉት ልጆቻቸው ከ1995 እስከ 2014 አምስት ረጃጅም መጻሕፍት አወጣች። የመጨረሻ ሥራዋ በሥጋ ደዌ እየማቀቀ ስለነገሠው የኢየሩሳሌም ንጉሥ ባልድዊን አራተኛ የሚተርክ ሲሆን በ2020 ታተመ፤ ደራሲዋ በጥር 2021 አረፈች።

ፔንማንን ማንበብ የሚሻ ሰው፣ ዝናው የሪቻርድ ቢሆንም፣ በጆአና ቢጀምር ይሻለዋል፤ የገጸ ባሕርያቱ ቁጥር ያነሰ ነው፣ ደራሲዋም በዚያ ውስጥ የማንም ጠበቃ ለመሆን አትቸኩልም።