ግማሽ መድኃኒት

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ስለ ዝገት ነው የማወራው። ብረት እንዳይዝግ ውሃ ውስጥ ስለሚጨመረው ኬሚካል፣ ኢንሂቢተር ስለሚባለው። ጎንደር ላይ እንፋሎት የሚያስፈልገው ብዙ ነው፤ ቢራው አለ፣ ብቅሉ አለ፣ የሆስፒታል ማምከኛው፣ የሆቴል ልብስ ማጠቢያው። አንድ አነጋገር ግን ሁሌም ይከነክነኛል፦ «ኬሚካሉ ተወዷል፤ ለጊዜው በግማሽ እናድርገው።»

ጤፍ ሲወደድ እንጀራው ይቀንሳል፤ ሆድ ትንሽ ይጎድላል እንጂ አይበሳም። ቱቦ ግን ይበሳል።

ከኢንሂቢተሮቹ አንዱን፣ ናይትራይትን እንውሰድ። ያው ውሃ እየዞረ በሚመላለስበት ዝግ መስመር ውስጥ፣ የቺለር (የማቀዝቀዣ ማሽን) ወይም የሙቅ ውሃ መስመር ውስጥ ይገባል። ሥራው የብረቱን ፊት በስስ የኦክሳይድ ሽፋን መሸፈን ነው። የተለመደው መጠን በሊትር ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም ነው፤ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ደግሞ ከ8.5 እስከ 10። መጠኑ ሲወርድ ሽፋኑ እኩል አይሳሳም። አብዛኛው ብረት እንደተሸፈነ ይቆይና እዚህም እዚያም ትንሽ ራቁት ቦታ ይቀራል። ያን ጊዜ ዝገቱ ጉልበቱን ሁሉ በዚያች ቦታ ላይ ያሳርፋል። ምንም ያልተጨመረበት ቱቦ በስፋት እየሳሳ፣ ውሃውን እያቀላ ያስጠነቅቃችኋል። በግማሽ የተደረገለት ውሃው ጥሩ መስሎ አንድ ቀን ይፈሳል።

መጠኑ ለምን ይወርዳል? ናይትራይቱንና ኮንዳክቲቪቲውን (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን) አብራችሁ ለኩ። ሁለቱም ከወረዱ መስመሩ ያፈሳል፤ አዲስ ውሃ እየገባ ነው ማለት ነው። ናይትራይቱ ብቻ ወርዶ ኮንዳክቲቪቲው ካልተነቃነቀ ባክቴሪያ ጠርጥሩ፤ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት እየለወጠው ይሆናል። እዚህ ላይ ናይትራይት መደረብ ባክቴሪያውን መቀለብ ነው። መስመሩን እጠቡ፤ ኦክሲዳይዝ የማያደርግ፣ እንደ ክሎሪን ያልሆነ የባክቴሪያ ማጥፊያ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ናይትራይቱን እንደገና ሙሉ። በረኪና ግን አደራ! ክሎሪኑ ራሱን ናይትራይቱን ነው የሚበላው።

ቦይለር (እንፋሎት ማፍሊያው) ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። ጠላቱ በመጋቢ ውሃው፣ ማለትም ወደ ቦይለሩ በሚገባው ውሃ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ነው፤ እሱን የሚበላው ሶዲየም ሰልፋይት። ለ1 ግራም ኦክስጅን 8 ግራም ያህል ንጹሕ ሰልፋይት ይፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች 20 ዲግሪ ያለው ውሃ በሊትር የሚይዘው ኦክስጅን 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። በቀን 10 ሜትር ኩብ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስገባ ቦይለር እንግዲህ 70 ግራም ኦክስጅን ይጠጣል፤ 560 ግራም ሰልፋይት በዚያ ብቻ ያልቃል። በቦይለሩ ውሃ ውስጥ ደግሞ በሊትር ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ተርፎ መገኘት አለበት።

መቆጠብ የፈለገ እዚህ ይቆጥብ። የመጋቢውን ታንክ በተመለሰው ኮንደንሴት (እንፋሎቱ ቀዝቅዞ በሆነው ውሃ) 80 ዲግሪ አድርሱት። ኦክስጅኑ ወደ 2 ሚሊግራም ገደማ ይወርዳል፤ 560ው 160 ይሆናል። ግን ከመጠን በላይ አታግሉት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽምብራ የቀቀለ ሁሉ ያውቀዋል። የፋብሪካው መመሪያ ለባሕር ወለል ተጽፎ «90 አድርስ» ቢል፣ እዚህ ፓምፑ አፍ ላይ ውሃው ይፈላና ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል። 85ን ባታልፉ ይሻላል።

ደግሞ ያ ሰልፋይቱ የሚበጠበጥበት በርሜል። ክዳን የሌለው፣ በዱላ የሚማሰል፣ ለሳምንት የተበጠበጠ። ሰልፋይት የአየሩንም ኦክስጅን ይበላል፤ ቦይለሩ ጋ ሳይደርስ ሰልፌት ሆኖ ያልቃል። ሠራተኛው ጨምሬያለሁ ይላል፤ እውነቱን ነው። ለካ የተጨመረው የሞተ ነው። 100 ሊትር ለስላሳ ውሃ (ካልሲየምና ማግኒዥየሙ የወጣለት) ላይ 5 ኪሎ በቀስታ አሟሙ፤ ክደኑት፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ጨርሱት። በዶዚንግ ፓምፕ (መጥኖ በሚጨምር ፓምፕ) ከታንኩ የውሃ ወለል በታች ይግባ፣ ፏፏቴ እየሠራ ከላይ አይውረድ። ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አታገናኙት፤ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል።

እንፋሎቱ ምግብ የሚነካ ከሆነ ለኮንደንሴት መስመር የምትጨምሩትን አሚን፣ ከእንፋሎቱ ጋር ተጉዞ ያንን መስመር ከዝገት የሚጠብቀውን ኬሚካል፣ መርምሩ። በአሜሪካ ደንብ ለምሳሌ ሞርፎሊን የተባለው አሚን በእንፋሎቱ ውስጥ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አሥር እጅ) እንዳያልፍ፣ ወተት የሚነካ እንፋሎት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ እንዳይገባ ተከልክሏል።

የመጨረሻው መለኪያ ኩፖን ነው፤ ተመዝኖ መስመር ውስጥ የሚንጠለጠል ቁራጭ ብረት። ከ90 ቀን በኋላ አውጥታችሁ፣ ዝገቱን አጽድታችሁ መዝኑት። 20 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው 200 ሚሊግራም ካጣ፣ ብረቱ የሚሳሳው በዓመት 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ክብደቱ ብዙም ሳይቀንስ ፊቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድጓድ ካያችሁ ግን፣ ሚዛኑን ተዉትና ናይትራይቱን ለኩ።