ከመኝታ ቤት እስከ ስቶክሆልም

የተከበራችሁ ቄሶች፣ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ሻሎም! እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ባለፈው ሳምንት በማታው የጥናት ክፍላችን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ «እኛ አይሁዶች ይህን ሁሉ ኖቤል የወሰድነው ጭንቅላታችን ስለሚለይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ አልለቀቀኝም።

ቁጥሩስ በእርግጥ ያስገርማል። ከዓለም ሕዝብ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አንሞላም። ተሸላሚዎቻችን ግን ከ200 በላይ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ሰዎቹ ያለፉበት መንገድ ነው።

ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ በ1909 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ቱሪን ተወለደች። ሕክምና ተማረች። በ1938 ሙሶሊኒ የዘር ሕግ አውጥቶ አይሁዶችን ከዩኒቨርሲቲ አባረረ። ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ምን እንዳደረገ አባቶቻችን አይረሱትም። ሪታ ሥራዋን አጣች። መኝታ ቤቷን ላቦራቶሪ አደረገችው። የልብስ ስፌት መርፌ ስላ መሣሪያ ሠራች። ቦምቡ ሲበረታ ቤተሰቡ ወደ ገጠር ወጣ። እዚያም ከገበሬ ቤት እንቁላል እየሰበሰበች፣ ገና ባልተፈለፈሉ ጫጩቶች ላይ የነርቭን እድገት ማጥናቷን ቀጠለች። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄዳ ነርቭን የሚያሳድገውን ንጥረ ነገር አገኘች። በ1986 ስቶክሆልም ላይ ኖቤል ተሸለመች። በዚያው ቀን ኦስሎ ላይ የሰላም ሽልማቱን የተቀበለው ኤሊ ቪዝል ነበር፤ በ15 ዓመቱ ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ፣ ወደ ኦሽዊትዝ የተጫነው ልጅ።

ገርትሩድ ኤሊየንም አለች። ሴት ናት ብለው የላቦራቶሪ ሥራ ሲከለክሏት ኖረው፣ የደም ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት የሚረዳ መድኃኒት በማግኘት ተሳትፋ በ1988 ተሸለመች። ዶክትሬት አልነበራትም።

ይስሐቅ ባሼቪስ ሲንገር በ1978 የሥነ ጽሑፍ ሽልማቱን ያገኘው በይዲሽ፣ በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ጽፎ ነው። ከቋንቋው ተናጋሪዎች ሚሊዮኖች በናዚ አልቀዋል። እሱ ግን የእናቱን ቋንቋ አልተወም። ልጆቻችን አማርኛና ትግርኛ ሲያፍሩበት ሳይ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

እና ለልጅቷ፣ «የለም፣ የጭንቅላት ጉዳይ አይደለም» አልኳት። አይሁዶች በየሄዱበት ልጅን ማስተማር ግዴታ ነበር። በር ሲዘጋባቸው መጽሐፉን አልዘጉም። የእኛም የቤተ እስራኤል ቄሶች በጎንደር መንደሮች ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ ነው እዚህ ያደረሱን።

የእኔን ልጅ አንድ መምህር «ሒሳቡ ይከብደዋል፣ ዝቅ ያለውን ይውሰድ» ብሎኝ ነበር። ሆዴ ተቃጠለ። አልተቀበልኩም። ከአንድ በጎ ፈቃደኛ ተማሪያችን ጋር ማታ ማታ ቁጭ አለ። ፈተናውንም አለፈ።

ዘንድሮ ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስጠኑ ሰዎች አጥረውናል። ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። በሳምንት አንድ ማታ ብቻ የምትችሉ እንኳ ስማችሁን ጻፉልን። ያቺ ልጅም ፊዚክስ የሚያስጠናት ሰው እየጠበቀች ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል። አሁን ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቱን ያቀርብልናል።