የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ አዶልፍ ሱትሮ፣ ዋሻ ቆፍሮ ከንቲባ የሆነው ነጋዴ

ባለፈው ስለ ሳንፍራንሲስኮው ከንቲባ ስለ አዶልፍ ሱትሮ በጨረፍታ አንስተን ነበር፣ ከዛ በኋላ ስልኩ አላርፍ አለ፣ ስለዚህ የዛሬውን ሰዓት ሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ ወደኛ እየመለስኩ ካወራሁ ሁላችንም እንደናገራለን።

ከኦክላንድ የደወለች እህት፦ ልጆቼን ይዤ ሳንፍራንሲስኮ ላንድስ ኤንድ ስሄድ ባሕሩ ዳር የፈረሰ ግንብ አየሁ፣ ሱትሮ ባዝ ይላል፣ ምንድነው እሱ?

መዋኛ ነበር እህቴ፣ ግን ምን ዓይነት መዋኛ መሰለሽ። ማርች 14 ቀን 1896 ነው የተከፈተው፣ 7 ገንዳ ነበረው፣ አንዱ ጨው የሌለው ውሃ ስድስቱ የባሕር ውሃ፣ ሙቀታቸውም የተለያየ፣ ከላይ ጣሪያው በሙሉ መስታወት። 10 ሺህ ሰው ይይዛል ይባል ነበር። ልብስ መቀየሪያው ብቻ ከ500 ክፍል በላይ ነው፣ የሚከራይ 20 ሺህ የዋና ልብስና 40 ሺህ ፎጣ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ያኔ ሰው የራሱን የዋና ልብስ ይዞ አይመጣም፣ ጥቁር የሱፍ ልብስ እዛው ይሰጠዋል፣ ሱፍ ደግሞ ውሃ ሲገባበት ምን ያህል እንደሚከብድ ገምቺው። ለመግባት 10 ሳንቲም፣ ለመዋኘት 25 ሳንቲም።

እኔን የሚገርመኝ ውሃው የሚገባበት መንገድ ነው። ዳር ላይ ያለውን ዓለት አስፈልፍሎ ማጠራቀሚያ አሠራ፣ ባሕሩ ሲሞላ ማዕበሉ ውሃውን እዛ ውስጥ ይወረውረዋል፣ ከዛ በቦይ አድርጎ ራሱ ወደ ገንዳዎቹ ይወርዳል፣ ከ6 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ በአንድ ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ ያለ ምንም ጉልበት ማለት ነው። ፓምፕ የሚያስፈልገው ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው። አሁን ያየሻቸው ግድግዳዎች እነዛው ገንዳዎች ናቸው። ቤቱ በ1966 አፓርትመንት ሊሠራበት እየፈረሰ እያለ ተቃጠለ።

ከቨርጂኒያ የደወለ ወንድም፦ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ? ሀብታም ቤተሰብ ነበረው?

የተወለደው በ1830 ፕሩሲያ ውስጥ፣ አኸን በምትባል የጀርመን ከተማ ነው፣ ቤተሰቡ የጨርቅ ፋብሪካ ነበራቸው፣ አባትየው ሲሞቱ ግን ነገሩ ተበላሸ፣ በ1848ቱ አብዮት ደግሞ አገሩ ታመሰ፣ እና በ1850 እናትየው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ። አዶልፍ እዛ ብዙም አልቆየም፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ሳንፍራንሲስኮ ገባ። ከተማይቱ ያኔ ወርቅ ወርቅ ነው ወሬው ሁሉ፣ በ1848 አንድ ሺህ ሰው ገደማ የነበረባት መንደር በ1860 ከ56 ሺህ በላይ፣ በ1900 ደግሞ ከ342 ሺህ በላይ ሆናለች። ሱትሮ ወርቅ ልቆፍር ብሎ አልሄደም፣ ሱቅ ከፈተ፣ ሲጋራና ትምባሆ። ብዙዎቹ የዛን ጊዜ አይሁድ ነጋዴዎች እንደዚህ ናቸው፣ ሊቫይ ስትራውስም በ1853 እዛው ከተማ መጥቶ ጨርቅ ነበር የሚያከፋፍለው፣ ጂንሱ ከ20 ዓመት በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ትልቁ ነገር ግን ኔቫዳ ነው። በ1859 ኮምስቶክ የሚባለው የብር ማዕድን ተገኘ፣ ሰው ጎረፈ፣ ሱትሮም ሄደ፣ ዴይተን አካባቢ ድንጋይ የሚፈጭ ወፍጮ አቋቋመ። እዛ እያለ አንድ ነገር አየ፣ ማዕድኑ ወደ ታች በጠለቀ ቁጥር የፈላ ውሃ ያጋጥማቸዋል፣ በእውነት የፈላ፣ ውሃውን ወደላይ በፓምፕ ማውጣት ደግሞ ገንዘብ ይበላል፣ አየር የለም፣ ሠራተኛው ራሱን እየሳተ ይወድቃል። ሱትሮ ምን አለ፣ ለምን ወደላይ እናወጣለን፣ ከተራራው ግርጌ ጀምረን አግድም እንቆፍርና ውሃው ራሱ ይውጣ፣ አየርም ይገባል፣ አደጋ ሲመጣም ሰው ይወጣበታል። ሐሳቡ ይሄው ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ከ6 ኪሎሜትር በላይ ዋሻ ነው!

በ1866 ኮንግረስ ሕግ አወጣለት፣ የማዕድን ካምፓኒዎቹም በቶን 2 ዶላር ልንከፍልህ ብለው ፈረሙ። ከዛ የካሊፎርኒያ ባንክ ሰዎች፣ እነ ራልስተን እነ ሻረን፣ ነቁ። ወፍጮዎቹ በእጃቸው ናቸው፣ በኋላ ባቡሩንም ሠሩት፣ ይሄ ሰውዬ ዋሻ ከከፈተ ማዕድኑ በሱ በር ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ በር ዘጉበት፣ ካምፓኒዎቹ ቃላቸውን አጠፉ፣ ገንዘብ የሚያበድረው ጠፋ። ዓመታት በልመና አለፉ።

የቀየረው እሳት ነው። ኤፕሪል 7 ቀን 1869 የሎው ጃኬት የሚባለው ማዕድን ውስጥ እሳት ተነሳ፣ ቢያንስ 35 ሰው ታች እንዳለ ቀረ፣ መውጫ የለማ። ሱትሮ በዛው ክረምት እዛው ኔቫዳ፣ ቨርጂኒያ ሲቲ ኦፔራ ቤት ውስጥ ቆሞ ለሠራተኞቹ ተናገረ፣ ዋሻው ቢኖር ኖሮ ወንድሞቻችሁ ይወጡ ነበር አላቸው፣ የሠራተኞቹ ማኅበርም 50 ሺህ ዶላር አክሲዮን ሊገዛ ቃል ገባ። ኦክቶበር 1869 ቁፋሮ ተጀመረ፣ በኋላ የለንደን ባንክ ማክካልሞንት ትልቁን ገንዘብ አስገባ፣ ጁላይ 8 ቀን 1878 ከሳቬጅ ማዕድን ጋር ተገናኘ። መጨረሻው ላይ ሱትሮ ራሱ ሸሚዙን አውልቆ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር ነበር፣ ግድግዳው ሲበሳ በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ወዲያኛው ያለፈው እሱ ነው።

ስሙን ያልተናገረ አድማጭ፦ ታዲያ ሠራተኛው ገንዘቡን አዋጣ፣ ሀብታም የሆነው ግን እሱ ነው። ይሄ ብልጠት አይደለም እንዴ?

ጥያቄው ልክ ነው፣ አልሸፋፍነውም። ዋሻው ሲያልቅ ጊዜው አልፎ ነበር፣ የኮምስቶክ ምርጡ ብር የወጣው በ1873 ተገኝቶ ነው፣ በ1878 ማዕድኑ ወደ ማለቁ ተቃርቧል። ሱትሮ ይሄን ከማንም በፊት ነው የገባው፣ አክሲዮኑን ብዙም ሳይቆይ ሸጦ ወደ ሳንፍራንሲስኮ ሄደ፣ ከዛ በኋላ አክሲዮኑ ወረደ፣ ይዘው የቆዩት ተጎዱ። በሌላ በኩል ደግሞ ዋሻው ውሸት አልነበረም፣ ውሃውን አወጣ፣ ያለው ነገር ሁሉ ሠርቷል፣ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ባዳነ፣ ያዘገዩት ደግሞ ባንኮቹ ናቸው። እኔ ሌባ ነው አልልም። ግን የድሃ ጠበቃ ብሎ መሳልም ይከብደኛል፣ ሱትሮ ሁሌም ከሕዝብ ጋር የሚሰለፈው የሕዝቡ ጥቅምና የሱ ጥቅም አንድ በር ላይ ሲገናኙ ነው፣ ወደታች እንደምታዩት።

ከኔታንያ እስራኤል የደወሉ እናት፦ ልጄ፣ ሰውዬው ሃይማኖቱን ይጠብቅ ነበር? በአይሁድነቱስ አልተቸገረም?

እማማ፣ ሰንበት የሚያከብር፣ ምኩራብ የሚያዘወትር ሰው አልነበረም። ሳንፍራንሲስኮ ግን ለአይሁድ ከብዙ ቦታ የተሻለች ነበረች፣ ሁሉም በቅርብ የመጣ ስለሆነ ነባር የሚባል ባላባት የለም፣ በ1851 ሁለት ምኩራብ ነበራቸው፣ ኢማኑኤልና ሸሪት እስራኤል፣ አንደኛው የጀርመኖቹ ሁለተኛው በአብዛኛው የፖላንዶቹ። ኔቫዳ እያለ ግን የባንኩ ወገን የሆኑ ጋዜጦች በዘሩ እየሸረደዱ ይጽፉበት ነበር።

ደስ የሚልዎት ነገር ደግሞ ልንገርዎት። ሱትሮ መጽሐፍ ይሰበስብ ነበር፣ ከ200 ሺህ በላይ አድርሶታል፣ ያኔ አሜሪካ ውስጥ በግለሰብ እጅ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ። በ1884 ኢየሩሳሌም ሄዶ ከሻፒራ ሱቅ የዕብራይስጥ የእጅ ጽሑፎች ገዛ፣ ብዙዎቹ የየመን አይሁድ የጻፏቸው ናቸው። ሻፒራ ማለት ያ ሐሰተኛ ነው የተባለ የኦሪት ብራና ለእንግሊዞች ሊሸጥ ሲል የተጋለጠው የጥንት ዕቃ ነጋዴ ነው፣ በዛው በ1884 ራሱን አጥፍቷል። በ1906ቱ የሳንፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ከመጽሐፎቹ ከግማሽ በላይ ተቃጠለ፣ የዕብራይስጦቹ ግን ሌላ ሕንፃ ውስጥ ስለነበሩ ተረፉ። ዛሬም ሳንፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሱትሮ ላይብረሪ ውስጥ አሉ።

ከሳንሆዜ፦ ከንቲባ እንዴት ሆነ? ጎበዝ ከንቲባስ ነበር?

በትራም ሒሳብ ነው ከንቲባ የሆነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከኔቫዳ ሲመለስ ሰው የናቀውን የከተማውን ምዕራብ፣ አሸዋ ብቻ የነበረውን፣ ገዛ፣ የከተማው መሬት አንድ አስራ ሁለተኛ የሱ ነበር ይባላል። ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ቦታ ላይ ቤትና የአትክልት ቦታ ሠርቶ፣ ሱትሮ ሃይትስ ብሎ፣ ለሕዝብ ክፍት አደረገው። ሰው ግን እዛ ለመድረስ ሳዘርን ፓስፊክ በሚባለው የባቡር ካምፓኒ መስመር ነው የሚሄደው፣ ሳዘርን ፓስፊክ ደግሞ ሁለት ጊዜ እያስከፈለ ደርሶ መልስ 20 ሳንቲም ይወስዳል፣ የቀን ሠራተኛ ሚስትና አራት ልጅ ይዞ ቢወጣ አስቡት። ሱትሮ 5 ሳንቲም አድርጉት አለ፣ እምቢ አሉ፣ እሱም ግቢውን አጠረና በነሱ ባቡር የመጣውን መግቢያ ማስከፈል ጀመረ፣ ቀጥሎ የራሱን የኤሌክትሪክ ትራም አስዘረጋ፣ 5 ሳንቲም። አያችሁት በሩን? ትራሙ ርካሽ ሆነ፣ ሕዝቡ ተደሰተ፣ ተሳፋሪው ደግሞ የሚወርደው የሱትሮ መዋኛ ደጃፍ ላይ ነው።

ሳዘርን ፓስፊክ ያኔ ካሊፎርኒያን አንቆ የያዘ ካምፓኒ ስለነበር እሱን የደፈረ ጀግና ነው፣ በ1894 በፖፑሊስት ፓርቲ ተወዳድሮ በሰፊ ድምፅ አሸነፈ፣ ከጃንዋሪ 1895 ለሁለት ዓመት ከንቲባ ሆነ። የባቡሩ አለቃ ሀንቲንግተን ካምፓኒው ለመንግሥት ያለበት ዕዳ ለአሥርት ዓመታት እንዲራዘምለት ኮንግረስን ሲወተውት ሱትሮ በራሱ ገንዘብ ዘመቻ ከፈተ፣ የሚልካቸው ፖስታዎች ላይ ሳይቀር ሀንቲንግተን የጋለ ምድጃ አይሰርቅም ብሎ በቀይ አሳተመባቸው፣ ያልጋለ ከሆነ ግን አይምርም ማለቱ ነው። ሕጉ በ1897 መጀመሪያ ወደቀ።

ከንቲባነቱ ግን አልተሳካለትም። ሕይወቱን ሙሉ ያዘዘው የሚፈጸምለት ሰው ነው፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ግን ሥልጣኑ ጠባብ፣ ምክር ቤቱ አይሰማው፣ እሱ ደግሞ ማባበል አይችልበትም። ፖለቲከኞቹን ልመራቸው አልቻልኩም ብሎ ራሱ ተናግሯል። ከሠራቸው አንዱ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 13 ኤከር መሬት መስጠቱ ነው፣ ዛሬ ዩሲኤስኤፍ ሆስፒታልና የሕክምና ትምህርት ቤት ያለበት ፓርናሰስ ያ ነው፣ ቤይ ኤሪያ ያላችሁ ልጅ የወለዳችሁበትም ትኖራላችሁ።

ከሲያትል፦ መዋኛው ውስጥ ጥቁር ይገባ ነበር?

መግባት ይገባል፣ መዋኘት ነው የተከለከለው። ጁላይ 4 ቀን 1897 ጆን ሃሪስ የሚባል አስተናጋጅ ከነጭ ጓደኞቹ ጋር ሄደ፣ እነሱ ዋኙ እሱ ተከለከለ፣ ሌላ ቀንም ሞከረ ተከለከለ፣ ከሰሰ። ካሊፎርኒያ በዛው ዓመት እንደዚህ ዓይነቱን ክልከላ የሚቀጣ ሕግ አውጥታ ነበርና ፍርድ ቤት 100 ዶላር ፈረደለት። ሱትሮ በሕይወት ነበር፣ ቤቱም የሱ ነው፣ ክፍት ለሕዝብ እያለ ሲናገር ሕዝብ የሚለው ማንን እንደነበር ከዚህ ይታያል፣ በአይሁድነቱ የተሰደበ ሰው መሆኑ ደግሞ እኔን የበለጠ ያናድደኛል።

ከአዲስ አበባ የመጣ ቴክስት፦ እዛም ባሕር ዛፍ የተከለው እሱ ነው የሚሉት እውነት ነው?

ካሊፎርኒያ ባሕር ዛፍ ያየችው ከሱ በፊት ነው፣ ግን ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሱትሮ ተራራ ላይ ያለውን ጫካ ያስተከለው እሱ ነው። ያው የኛው የእንጦጦው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ። በ1886 ደግሞ የዛፍ ተከላ ቀን ሲጀመር ችግኝ ሰጥቶ የተማሪ ልጆች ተከሉ። አጼ ምኒልክ ለአዲስ አበባ ያስመጡት ከዛ ትንሽ ቆይቶ በ1890ዎቹ ነው፣ ሁለቱ ግን አይገናኙም፣ የኛ ምክንያት ማገዶ ነው፣ የሱ ደግሞ ራቁቱን የነበረ አሸዋና ኮረብታ ዋጋ እንዲያወጣ። ክርክሩ ግን አንድ ነው፣ እዛም ውሃ ይመጥጣል፣ እሳት ይስባል፣ ይቆረጥ የሚሉ አሉ፣ ጫካችንን አትንኩ የሚሉ ጎረቤቶችም አሉ።

መጨረሻ፣ ከዲሲ፦ ያ ሁሉ መሬት ማን ወረሰው?

በ1898 ኦገስት ነው የሞተው፣ መሬት ሞልቶት ጥሬ ገንዘብ ግን አልነበረውም፣ አእምሮውም ደክሞ ልጁ ኤማ ሞግዚቱ ሆና ነበር። ኤማ ሐኪም ናት፣ በዛ ዘመን ሴት ሐኪም ማለት ትልቅ ነገር ነው። ኑዛዜው ብዙውን ነገር ለበጎ አድራጎት ይላል፣ ወራሾቹ ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩበትና መሬቱ እየተሸነሸነ ተሸጠ፣ ዛሬ በሚሊዮን የሚሸጡት የምዕራብ ሳንፍራንሲስኮ ቤቶች ስንቶቹ እዛ ላይ እንደቆሙ አስቡት። ኤማ ሱትሮ ሃይትስ ላይ እስከ 1938 ኖረች፣ ከሷ በኋላ ቦታው የከተማው ሆነ፣ ቤቱም ፈረሰ። ግቢው አሁን ፓርክ ነው፣ በ38 ቁጥር አውቶብስ ይደረሳል፣ መግቢያ አይከፈልም።