ዘበኛው ለምን ሁሌ ያው ነው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው አራት ኪሎ ነው፤ የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ሲል ከሰማችሁ ቻሉት።

ሚዲያው የተለያዩ ሕዝቦችን ሲያሳየን ያቀራርበናል ወይስ ያራርቀናል? «መታየታቸው በራሱ ጥሩ ነው» የሚል ብዙ ነው። ለእኔ አልተዋጠልኝም።

ኅዳር 29ን አስቡት። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ቀን ነው፤ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን የሚከበረውም ለዚህ ነው። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ጭፈራ ነው። ያምራል፣ አልክድም። ግን ያ የሚጨፍረው ሰውዬ በማግስቱ ክፍል ገብቶ ሒሳብ ያስተምር ይሆናል። እሱን ማን አሳየን?

ኮሜዲው ደግሞ ይብሳል። ዘበኛው ሁሌ አማርኛው የሚሰባበር ነው። የቤት ሠራተኛዋም እንደዚያው። ቀልዱ የታል ብትሉ፣ አነጋገሩ ነው፤ ሌላ የለም። ስንፍና ነው እንግዲህ። እዚሁ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተከፍቶ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ማኪያቶ ያመጣችልኝ ልጅም ሳቀች። ቅድም ስትታዘዘኝ ቅላጼዋ ልክ እንደ ዘበኛው ነበር። በኋላ ሒሳብ ስጠይቃት ግን ደረሰኙን አስቀምጣልኝ ሄደች፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

«ቀልድ ነው፣ አታካብጂ» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ሩዋንዳን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሬዲዮ ሰውን «በረሮ» እያለ እልቂት ቀስቅሷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ እዚያው አገር ስለ እርቅ የሚተርክ የሬዲዮ ድራማ ተጀመረ። ኤልዛቤት ሌቪ ፓሉክ የምትባል ተመራማሪ ድራማውን ለአንድ ዓመት ያዳመጡ ሰዎችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አሳተመች። የሰዎቹ የግል እምነት እምብዛም አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ ነው፤ በማኅበረሰቡ ዘንድ ምን ተገቢ ነው ብለው እንደሚያስቡ። ደፍሮ «አልስማማም» ማለትም ጨመረ።

የካፌውን ሳቅ የማየው በዚህ ዓይን ነው። ማንም እዚያ ተቀምጦ ዘረኛ አልሆነም። በማን መሳቅ እንደሚቻል ግን ሁላችንም አወቅን፤ ልጅቷም ጭምር።

ሕግ? የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ 1185/2012፣ ለኪነ ጥበብ ቦታ ይተዋል። ልክም ነው። ዘበኛውን ፖሊስ እንዲያባርርልኝ አልፈልግም። የምፈልገው በዚያው ቅላጼ የሚያወራ ዶክተር ነው፤ በሽተኛ የሚያክም፣ ከሚስቱ የሚጣላ፣ አነጋገሩን ማንም የማያነሳበት። እንዲህ ያለ ድራማ ካያችሁ ርዕሱን ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አብረን እናወራበታለን።